ወፍ ዘራሿ አደይ አበባና መኖሪያዋ

ማንም ሳይዘራት የምትበቅል፣ ማንም ሳይኮተኩታት የምታብብ፣ በዓመት አንድ ሰሞን ብቻ አገር ሁሉ የሚፈልጋት አንዲት ትንሽ አበባ አለችን፤ አደይ አበባ። ጳጉሜን ሲገባ የባንኮች የመልካም ምኞት መግለጫ፣ የጋዜጦች የፊት ገጽ፣ የቴሌቪዥኑ ስቱዲዮ ሳይቀር በእርሷ ይደምቃል። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን የት እንደገባች የሚጠይቅ የለም። በሚቀጥለው ዓመትም በቀኗ ትመጣለች ብለን ስለምናምን ይመስለኛል።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አበባዋ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቷም ነው። ለማሳያ የመረጥኩት ደግሞ ብዙዎቻችን ከይርጋጨፌ ቡናና ከትክል ድንጋይ ጋር እንጂ ከአደይ ጋር አያይዘን የማናስበውን የጌዴኦ ዞን ነው። ለምን ጌዴኦን እንደመረጥኩ ጽሑፉ ራሱ እየቆየ ይመልሳል።

አደይ ማን ናት?

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ስለ ዕፅዋት የምጽፈው የባለሙያዎቹን ሥራ ተከትዬ ነው። በዚህ ረገድ የአገራችን ሰው ባለውለታ አለን። የአደይን ወገን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስለሚገኙት፣ በ1993 ደግሞ በመላው አፍሪካ ስለሚገኙት የዚህ ወገን ዝርያዎች ያሳተሟቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ መነሻ ናቸው።

በሳይንሱ አጠራር ወገኑ ባይደንስ ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ባለ ሁለት ጥርስ» ነው፤ ስያሜው የመጣው በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር ጫፍ ላይ ከሚታዩት ሁለት ሹል ጥርሶች ነው። እኛ «አደይ» በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው በሳይንሱ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው። ስሙን ብዙ ጊዜ የምትወስደው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ናት። ማክሮፕቴራ ማለት «ሰፊ ክንፍ» ነው፤ ስሙ በዘሯ ዳርና ዳር ያለውን ስስ ክንፍ ያስታውሳል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ደግሞ አበባዋን ኬሎ ይሏታል።

አንዲት አደይ ብለን የምንቀጥፋት አበባ በእውነቱ አንድ አበባ አይደለችም። መሐል ላይ የሚታየው ቢጫ እንብርት የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን የከበቡትና ቅጠል የሚመስሉት ሰፋፊዎቹ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ሌሎች አበቦች ናቸው። እነዚህ የዳር አበቦች በዚህ ወገን ብዙውን ጊዜ ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ንብንና ሌሎች ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘር የሚሠራው መሐሉ ነው። ሱፍና ኑግም እንዲሁ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናቸው፤ ሦስቱም የአንድ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸውና።

ዘመዶቿን ካነሳን ሁለቱን መጥቀስ ይገባል። አንደኛዋ አደይ ሲያብብ አብራ ሜዳውን ቢጫ የምታለብሰው መች ናት። መች የኑግ የቅርብ ዘመድ ናት፤ የዛሬው ኑግም ከዱር ዘመዶቹ መካከል በገበሬ እጅ ተመርጦ የወጣ ሰብል ነው። ሁለተኛዋ ሰው ሁሉ በልብሱ ላይ የሚያውቃት ጭጎጎት ወይም የሰይጣን መርፌ ናት። እርሷ የአደይ የሥጋ ዘመድ ብትሆንም የመጣችው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ዘሯ በልብስና በእንስሳት ፀጉር ላይ ተሰክቶ ስለሚጓዝ ዛሬ በሞቃት አገሮች ሁሉ፣ በቡና ማሳዎቻችን ውስጥም ጭምር፣ እንደ ቤቷ ትበቅላለች። የአገሬው ልጅ አደይ ግን እንዲህ በቀላሉ አትጓዝም።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው አደይ ዓመታዊ ተክል መሆኗ ነው። እንደ ዋንዛና እንደ ጽድ ሥር ሰዳ ዓመታትን አትጠብቅም። በዝናቡ ትበቅላለች፣ ታብባለች፣ ዘሯን ታራግፋለች፣ ትሞታለች። ሕይወቷ በሙሉ በጥቂት ወራት ያልቃል። ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሻግራት አፈር ላይ የወደቀው ዘሯ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘንድሮዋ አደይ የአምናዋ አይደለችም፤ የአምናዋ ልጅ ናት። እናቲቱ ዘር ሳታራግፍ ከተነቀለች ወይም ከታረመች የዚያች ሐረግ እዚያው ይቋረጣል።

ቤቷ የት ነው?

አደይ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ናት። ብርሃን ትወዳለች፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ አትገኝም። የምናገኛት በማሳ ዳር፣ በድንበር፣ በግጦሽ ሜዳ፣ በመንገድ ግራና ቀኝ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ሥፍራ አጥር አጠገብ፣ ባደረ መሬት ላይ ነው። በአጭሩ ሰው ፈጽሞ ያልተወው፣ ፈጽሞም ያልወሰደው መሬት የእርሷ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ መሬት ለዓይን ሥራ ፈት ይመስላል። ነገር ግን ሥራ አለው። መስከረምና ጥቅምት ላይ የደጋው ንብ ቀፎውን የሚሞላው በአብዛኛው ከአደይና ከመች ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ማር የዚያ ሰሞን ሥራ ነው። የማሳው ዳር አፈር በጎርፍ እንዳይሄድ የሚይዘው ይኸው ሣርና ወፍ ዘራሽ ነው። ሰብል የሚያዳቅሉ ነፍሳት የሚጠለሉትም እዚያው ነው።

ይህ ቤት ዛሬ ከአራት በኩል እየጠበበ ነው። አንደኛ፣ መሬት እያነሰ ሲመጣ ገበሬው እስከ ድንበሩ ጫፍ ድረስ ያርሳል። ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያች ጥማድ ነው። ሁለተኛ፣ የፀረ አረም ኬሚካል ርጭት በእህል ማሳዎች ተስፋፍቷል። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች እንዲገድል የተሠራ መድኃኒት አደይንና አረሙን አይለይም። ሦስተኛ፣ ሣር የነበረው ተዳፋት ባሕር ዛፍ ሲለብስ ብርሃኑ ይጠፋል። አራተኛ፣ ከተማ ሲሰፋ የመንገዱ ዳር በኮብልስቶንና በሲሚንቶ ይሸፈናል። አራቱም የየራሳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። ችግሩ የአራቱም ዕዳ በአንዲት ቁራጭ መሬት ላይ መውደቁ ነው።

የአንዲት የካሊፎርኒያ አበባ ጉዳይ

ነገሩን ለማነጻጸር አንድ የውጭ አገር ምሳሌ ላንሳ። በአትክልተኞች ዘንድ ፍሎክስ የሚባል የአበባ ቤተሰብ አለ። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ የአሜሪካ አህጉር፣ በተለይም የምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ተወላጆች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ከመጡ በተክል መደብ የመጡ እንጂ ወፍ ዘራሽ አይደሉም። ከዚህ ቤተሰብ መካከል ናቫሬቲያ ፎሳሊስ የምትባል፣ ቁመቷ ከስንዝር የማያልፍ፣ ጥቃቅን ነጣ ያሉ አበቦች ያሏት ዓመታዊ ተክል በደቡብ ካሊፎርኒያ ትገኛለች። የምትበቅለው በክረምት ዝናብ ሞልተው በበጋ በሚደርቁ ጎድጓዳ ኩሬዎች ውስጥ ነው። በበጋ ያያት ሰው የደረቀ ጭቃ እንጂ የአበባ ቤት አይልም። ስለዚህም ኩሬዎቹ ለቤትና ለመንገድ ሥራ እየተደለደሉ አለቁ።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ይህችን አበባ ለመጥፋት በተቃረቡ ፍጥረታት ሕግ ሥር በሥጋት ላይ ያለች ብሎ መዘገባት። በ2005 ደግሞ ለሕልውናዋ ወሳኝ የሆኑትን ሥፍራዎች በካርታ ወስኖ አወጀ፤ በ2010 ካርታውን ከልሶ አሰፋው። እንደ ሕግ ባለሙያ የሳበኝ ሁለተኛው እርምጃ ነው። ሕጉ አበባዋን አትቅጠፉ ብሎ አላበቃም፤ ቤቷን በካርታ ላይ አስቀመጠ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት በዚያ ሥፍራ ላይ ፈቃድ ከመስጠቱ ወይም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቤቷን እንዳያጠፋ ማረጋገጥ አለበት። ሕጉ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ለምሳሌ ግዴታው በዋናነት የሚያስረው የፌዴራል መንግሥቱን ነው። መርሑ ግን ግልጽ ነው። ለዓመታዊ ተክል ቤቱን መጠበቅና እርሱን መጠበቅ አንድ ነገር ነው።

ጌዴኦ ምን ያስተምረናል?

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይገኛል። ማዕከሉ ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣለች። ከዲላ ወይና ደጋ ተነስቶ በስተምሥራቅ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሰው ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ተነስቶ ደጋውን እስኪረግጥ ድረስ ሽቅብ ይጓዛል። በመንገዱ ቡናው እየቀነሰ እንሰቱ እየበዛ፣ ከዚያም ገብሱና ግጦሹ እየታየ ይሄዳል።

በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 847,434 ነበር። ስፋቱ ግን ከ1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። በአንዳንድ ወረዳዎች በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ሰው በላይ ይኖራል። እንዲህ በተጣበበ አገር ለወፍ ዘራሽ የሚተርፍ ስንዝር መሬት አይኖርም ብሎ ማሰብ ይቀላል። የሚደንቀው ነገር ግን ሌላ ነው። የጌዴኦ ገበሬ መሬቱን በበሬ አያርስም። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሾላና ዝግባ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች እየደረበ ያለማል። አፈሩ ዓመቱን ሙሉ አይራቆትም፤ የሚታረመውም ሣር እዚያው ተጥሎ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት የምርምር ሥራቸው ይህን የመሬት አያያዝ በሰፊው ተንትነው ከረጅም ዘመን ቀጣይነት ጋር አያይዘውታል።

እርግጥ ነው፣ ጥቅጥቅ ባለው የቡናና የእንሰት ጥላ ሥር አደይን መፈለግ ከንቱ ነው። ብርሃን የምትወድ ናትና እርሷና ወገኖቿ ዕድል የሚያገኙት ገላጣው ላይ፣ በመንገዱ ዳርና በደጋው ግጦሽ ነው። ነገር ግን የጌዴኦ ሥርዓት የሚያስተምረን ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ከእርሻው ጎን ለጎን የማይታረስ መሬት ትቷል። ቅዱስ ተብለው የተከበሩ ደኖች አሉ፤ በባሕላዊው እምነት ለማጌኖ፣ ማለትም ለፈጣሪ፣ ጸሎትና ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ናቸው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚዳኙበት ሶንጎ አለ። በየተራራው ጀርባ እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች አሉ። እነዚህን መሬቶች ለዘመናት የጠበቃቸው የጥበቃ ሠራተኛ ሳይሆን ክብር ነው። ሽማግሌው «እዚህ አይታረስም» ካለ አይታረስም። ታዲያ ሥርዓቱ የተጠበቀው ለዛፍና ለድንጋይ ተብሎ ቢሆንም፣ ከጥላው ውጭ ባለው ሣር ላይ ያለው ወፍ ዘራሽ ሁሉ አብሮ ይጠበቃል።

ዩኔስኮ የጌዴኦን ባሕላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ልክ በአደይ ወር። የተመዘገበው አንድ ሐውልት ወይም አንድ ደን ብቻ አይደለም። ጥምር እርሻው፣ ቅዱሳን ደኖቹ፣ ትክል ድንጋዮቹና ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው የሕዝቡ ዕውቀት በአንድነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለአንዲት አበባ በካርታ ያደረገውን የጌዴኦ ሽማግሌዎች ያለ ካርታ ሲያደርጉት ኖረዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገርም ከጌዴኦ እንማራለን። አዲስ ዓመትን ከመስከረምና ከአደይ ጋር ያያያዝነው ክረምቱ በሰኔ ገብቶ በመስከረም በሚወጣበት አገር ሆነን ነው። በጌዴኦ ግን ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ። የሕዝቡ የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል ደራሮም የሚከበረው የቡናው ለቀማ ካለፈ በኋላ፣ በጥር ወር አካባቢ ነው። በጎረቤት ኦሮምኛ «ደራራ» አበባ ማለት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው የበዓሉ ስም ራሱ አበባ አበባ ይሸታል። ተክል የሚከተለው ዝናቡን እንጂ የግድግዳ ካላንደራችንን አይደለም። ስለ አደይ መኖሪያ ስናስብ መላውን አገር በአንድ የመስከረም መለኪያ መለካት አይገባም።

ሕጋችንስ?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የልማት ሥራ የአካባቢን ደኅንነት የሚያናጋ መሆን እንደሌለበት ይናገራል። መርሑ በቂ ነው። ወደ ዝርዝሩ ስንወርድ ግን ለአደይ የሚሆን ክፍል አናገኝም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ስሙ እንደሚነግረን ስለ ዱር እንስሳት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ስለ ደን ነው፤ አደይ ደን ውስጥ አትኖርም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትነት ደግሞ የማኅበረሰቡ መሆኑን ደንግጓል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ዋና ጭብጡ ሀብቱን ማን ይውሰድ፣ በምን ውል ይውሰድ የሚለው ነው። የውጭ ኩባንያ የአደይን ዘር ያለ ፈቃድ ቢወስድ ሕግ አለን፤ የአደይ ሜዳ በአንድ ክረምት ቢጠፋ የሚጠይቅ የለንም።

የገጠር መሬት ሕጋችንም የወል ይዞታን ያውቃል፤ ለጋራ ግጦሽ፣ ለደንና ለሌላ ማኅበራዊ አገልግሎት የተሰጠ መሬት ነው። ይሁን እንጂ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 እንዳስፈላጊነቱ የወል ይዞታ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችል በግልጽ ደንግጎ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በእነዚያ ወደ ሃያ በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ ግን የወል መሬት «ለጊዜው ያልተሰጠ መሬት» ነው የሚል አስተሳሰብ በየቀበሌው ሥር ሰዷል። ሥራ አጥ ወጣት ሲደራጅ፣ ችግኝ ጣቢያ ሲፈለግ፣ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው።

በደን ልማቱም በኩል የሚባል አለኝ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ የተራቆተ ተዳፋትን ለማልበስ የሚያደርገውን ጥረት አደንቃለሁ። ነገር ግን ዛፍ የሌለበት መሬት ሁሉ የተራቆተ አይደለም። ለዘመናት ሣርና አበባ ሆኖ የኖረ ሜዳ ላይ ችግኝ መትከል አንዱን ሀብት አጥፍቶ ሌላውን መተካት ነው። ችግኝ ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይደረጋል። ወፍ ዘራሽን ግን የሚቆጥረው ስለሌለ ሲጠፋም ሪፖርት የሚያደርገው የለም።

ምን ይደረግ?

አዲስ አዋጅ ይውጣ ብዬ አልጮህም፤ አዋጅ አላነሰንም። አራት ቀላል ነገሮች ይበቁኛል።

አንደኛ፣ የቀበሌ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲሠራ የወል ሣር ሜዳ፣ የሶንጎና የመቃብር ሥፍራ ራሱን የቻለ ስም ይሰጠው። ስም የሌለው መሬት ጠበቃ የለውም። በጌዴኦ ይህን ለማድረግ የዓለም ቅርስነቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሌሎች ዞኖች ደግሞ የጌዴኦ ልምድ።

ሁለተኛ፣ የመንገድ ባለሥልጣናትና ማዘጋጃ ቤቶች የመንገድ ዳር ሣር ሲያጭዱ አደይ ዘሯን እስክታራግፍ ይታገሱ። የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ እንደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ያሉ በየአካባቢው ያሉ ተቋማት ለዛፍና ለቡና የሚሰጡትን ትኩረት ለዓመታዊ የዱር አበቦችም ያካፍሉ። ዘርን በብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማቀዝቀዣ ማኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሜዳዋን ያጣች አበባ ከማቀዝቀዣ ወጥታ የምትሄድበት የላትም።

አራተኛው የሁላችንም ነው። ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለመስቀል አደይን ስንፈልግ ከነሥሯ አንንቀላት። ከአንድ ቦታ ጥቂት ቀጥፈን ብዙውን እንተው። ለልጆቹ ሳንቲም የምንሰጥ ጎልማሶችም ይህን ብንነግራቸው አይከፋም፤ የሚቀጥለውን ዓመት እቅፍ የሚሸጡት እነርሱ ናቸውና።

የፕላስቲክ አደይ በገበያ ላይ አለ። አይጠወልግም፣ ዝናብ አይፈልግም፣ መሬትም አይሻም። ንብ ግን አይቀርበውም። ቀስ በቀስ ወደዚያ እንዳንሄድ ከፈለግን አሁን ማሰብ ያለብን ስለ መስከረም አንድ ቀን ሳይሆን፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ስለሚጠብቅባቸው ስለ ሌሎቹ ወራት ነው።